ያልረጋው ፈሳሽ

ዶክተር ኪዳነወልድ ሞተው የተገኙት በሱሉልታ ሜዳ ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ባደረበት አንድ የታኅሣሥ ማለዳ ነበር። ያገኟቸው የምርምር ጣቢያው ዘበኛ ኦቦ ኢተፋ ናቸው። የዶክተሩ መኪና ከቆመችበት ሳትነቃነቅ አድራለች፤ የላቦራቶሪው መብራትም እንደበራ ነው። ኦቦ ኢተፋ ቢያንኳኩ፣ ቢጣሩ መልስ አጡ። በሩን ገፋ አድርገው ሲገቡ ዶክተሩ ከጠረጴዛቸው ሥር በደረታቸው ተደፍተዋል።

ኢንስፔክተር አረጋሽና ሳጅን ሀሰኖ ሲደርሱ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አካም ቡልታን፣ ኦቦ ኢተፋ?» አለች አረጋሽ ዝቅ ብላ፣ እንዴት አደሩ ለማለት።

«ናጋ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። «ምን ናጋ፣ ምን ሰላም አለ፣ ልጄ! ገብተሽ እዪው።»

ላቦራቶሪው ሰፊና ቀዝቃዛ ነው። በአንድ በኩል የዶክተሩ ጠረጴዛ፣ በተቃራኒው ጥግ ትልቅ ፍሪዘር አለ። ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የላላ ቡናማ የመስታወት ጠርሙስ ቆሟል፤ አጠገቡ አንድ ብርጭቆ ተቀምጧል። ለሚያየው ሁሉ ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ ሰውየው አንድ ነገር ጠጡ፣ ወደቁ፣ ሞቱ።

አረጋሽ ጓንቷን አጥልቃ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

«ሀሰኖ፣ እዚህ ላይ ምን ይታይሃል?»

«ምንም።»

«አዎ፣ ምንም። ታጥቦ የደረቀ ብርጭቆ ነው። ማንም አልጠጣበትም።»

ጠርሙሱን ዘንበል ስታደርገው ፈሳሹ ውስጡ እንደ ውኃ ወዲያና ወዲህ ሲል ተሰማት። ክዳኑን አጥብቃ ለሀሰኖ ሰጠችው። ከዚያ ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ቁስሉ ከማጅራት ከፍ ብሎ ነው፤ ደሙ ፀጉር ውስጥ ደርቋል።

«በደረቱ የወደቀ ሰው ከኋላው እንዴት ይፈነከታል?» አለች፤ ጥያቄው ለሀሰኖ ይሁን ለራሷ አልለየም።

ተነሥታ ክፍሉን ዞረችው። ከግቢው በጫማ የገባው አፈር ወለሉን ሁሉ አቆሽሾታል። ከፍሪዘሩ ፊት ያለው ብቻ ጥርት ብሎ ተወልውሏል፤ ጎንበስ ስትል በረኪና ሸተታት።

«ኦቦ ኢተፋ፣ ጽዳት የምትሠራው ሴት መቼ መጥታ ነበር?»

«ሰኞ ነው የምትመጣው። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።»

ቀኑ ሐሙስ ነበር።

ዶክተር ሔለን ስትደርስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። የዶክተር ኪዳነወልድ ምክትል ናት፤ ገና አርባ ያልሞላት፣ አለባበሷም አነጋገሯም የተስተካከለ ሴት። አረጋሽ ሻይ ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠቻት።

«ያ ጠርሙስ ምንድን ነው የያዘው?»

«ኤል-ኬ እንለዋለን። በሴል ውስጥ ካይኔዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ናቸው። ሴሉ እንዲያድግ፣ እንዲባዛ የሚያዝዙት እነሱ ናቸው። አንዳንድ የደም ካንሰር ውስጥ አንዱ ማብሪያ እንደበራ ይቀራል። ኤል-ኬ ሌሎቹን ሳይነካ ያንን አንዱን ለይቶ ያጠፋል።»

«መድኃኒት ነው ማለት ነው?»

«አይደለም፤ ለምርምር ብቻ ነው። ለሰው አልተፈቀደም።» ሔለን መሀረቧን ጨበጠች። «ዶክተር ግን በራሴ ላይ እሞክረዋለሁ ይሉ ነበር። ይተዉት ብዬ ለምኛቸዋለሁ።»

«ጠርሙሱ ይሄ አንዱ ብቻ ነው?»

«ሌላ የለንም። ከክረምት ጀምሮ እስካለፈው ሳምንት ድረስ የሠራሁት ከዚሁ እየቀዳሁ ነው። ውጤታችንን ውጭ አገር ያሉት አጋሮቻችን ወደውታል። በዚሁ መሠረት ሕመምተኞች ላይ ሙከራ ሊጀምሩ ነው።»

«አያያዙ ያስቸግራል?»

«ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። የሟሟበት ፈሳሽ ብርድ አይችልም፤ ከፍሪዘር ሲወጣ እንደ ሞራ ረግቶ ነው። በመዳፌ አሙቄ እስኪቀልጥ እጠብቃለሁ።»

«በየጊዜው?»

«በየጊዜው።»

«ፍሪዘሩ ይቆለፋል?»

«ቁልፉ ያለው ከዶክተር፣ ከእኔና ከላቦራቶሪ ባለሙያው ከዮአብ ጋር ነው።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «ትናንት ዕቃ አቅራቢው የህያ ከሰበታ መጥቶ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ዮአብም ሰሞኑን ልቡ እዚህ የለም። ማንንም ለመወንጀል ሳይሆን፣ ከጠየቁኝ ብዬ ነው።»

«እርስዎ ሲወጡ ዶክተሩ ምን ይሠሩ ነበር?»

«አላየኋቸውም። ከቢሮዬ በቀጥታ ነው የወጣሁት።»

አረጋሽ አመስግና አሰናበተቻት። ቀጥላ ኦቦ ኢተፋን ጠራች።

«ትናንት የገባውንና የወጣውን ያስታውሳሉ?»

«ለምን አላስታውስ! የሰበታው ነጋዴ ሲገባ ይጮህ ነበር። ሲወጣ ግን ዶክተሩ እስከ በሩ ሸኙት፤ ተጨባብጠው ተለያዩ። ዮአብ ቀደም ብሎ ወደ ቡራዩ ሄዷል፤ እህቱ ታማበታለች። መጨረሻ የወጣችው ሔለን ናት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ።»

«ምን አለችዎ?»

«‹ዶክተር ሥራ ይዘዋል፣ እንዳይረብሿቸው› አለችኝ።» ሽማግሌው የጋቢያቸውን ጫፍ አጣመሩ። «ሌላ ጊዜ ማታ ማታ ሻይ አደርስላቸው ነበር። ትናንት ተውኩት። ባልተወው ኖሮ...»

አረጋሽ እጃቸውን ያዘች። በልቧ የሔለንን ቃልና የእሳቸውን ቃል ጎን ለጎን አስቀመጠች።

በማግስቱ የአስከሬን ምርመራውን ያደረገው ሐኪም ደወለ። በሟች ሆድ ውስጥ ምንም ዓይነት እንግዳ ነገር አልተገኘም። የገደላቸው የጭንቅላታቸው ስብራት ነው፤ ወደኋላ ወድቀው ከስል ጠርዝ ጋር ተጋጭተዋል። ሐኪሙ አንድ ነገር አከለ፤ አረጋሽ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ከዚያ ወደ ሰበታ ወረደች። የየህያ መጋዘን ከዓለም ገና አለፍ ብሎ በጅማ መንገድ ላይ ነው። የህያ ጢሙ በጥንቃቄ የተቆረጠ ጎልማሳ ነው፤ ፖሊስ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ገድለሃል ልትሉኝ ነው የመጣችሁት?»

«ለምን እንደተጨቃጨቃችሁ ልጠይቅህ ነው።»

«ጭቅጭቅ ከሆነ አዎ፣ ጮኼባቸዋለሁ! ከሦስት ቀን በፊት ደውለው ‹ያመጣህልኝ ኤል-ኬ ትክክለኛው አይደለም› አሉኝ። እኔ የአባቴን ስም ይዤ ነው የምሠራው። ከዚያው ጭነት የቀረችኝን ያልተከፈተች ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ፤ ከፈለጉ ይመርምሯት ብዬ።»

«መረመሯት?»

«አላስፈለጋቸውም። ገና ሳልጨርስ ‹ይቅር በለኝ የህያ፣ ጥፋቱ ከአንተ አይደለም፣ ከቤት ነው› አሉኝ። ማን ነው ስላቸው ‹ልጅ ነው፣ ጭንቅ ይዞት ነው፣ ተወው› አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ እንዴት ቂም ይያዛል? እስከ በሩ ሸኙኝ፤ ጠርሙሷንም መልሼ ይዤአት መጣሁ።» የህያ ዓይኑን ጠረገ። «በማግስቱ ሞቱ ሲባል አላመንኩም።»

«ጭንቅ የያዘው ልጅ» ያሉት ማንን እንደሆነ አረጋሽን አልጠፋትም። መኪናዋን ወደ ቡራዩ አዞረች።

ዮአብ የሚኖረው ከዋናው መንገድ ባጃጅ ብቻ በሚገባበት ሰፈር፣ በኪራይ ቤት ነው። በሩን የከፈተው ራሱ ነው። ከበስተኋላው አልጋ ላይ አንዲት ወጣት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ የዓይኗ ነጭ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። እህቱ ቲቲ ናት። አረጋሽን ስታይ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ዮአብ ፈጥኖ ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋ።

«እባክዎ፣ እዚህ ውስጥ አይሁን» አለ በሹክሹክታ። «ዶክተር መሞታቸውን አልነገርኳትም።»

ከግቢው ጥግ ካለው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ኤል-ኬውን መቼ ወሰድከው?» አለች አረጋሽ።

ወጣቱ ሊክድ አልሞከረም። አንገቱን ደፋ።

«ነሐሴ ላይ። ቲቲ የደም ካንሰር ይዟታል። የሚታዘዝላትን መድኃኒት ዋጋ አልቻልነውም። የዶክተር ሔለንን ውጤት ደግሞ በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ የታመሙት ሴሎች ይሞታሉ፣ ጤነኞቹ ይተርፋሉ። ያን እያየሁ እንዴት ልተኛ? አንድ ቀን ኤል-ኬውን ቀድቼ በምትኩ አልኮል ሞላሁበት።»

«አይታወቅብኝም ብለህ?»

«ኧረ በማግስቱ ይታወቅብኛል ብዬ ነበር! አልኮል ፍሪዘር ውስጥ አይረጋም፤ ማንም የከፈተው ያውቃል። ልብሴን ሁሉ አዘጋጅቼ እስራት ጠበቅኩ። ቀኑ አለፈ፣ ሳምንቱ አለፈ፣ ማንም ምንም አላለኝም።»

«ከዚያስ?»

«ቲቲ መጀመሪያ የተሻላት መሰለኝ። ከዚያ ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ጉበቷ ነው። ሰሞኑን ዶክተር ኪዳነወልድ ለራሳቸው ሥራ ጠርሙሱን አውጥተው አለመርጋቱን ሲያዩ የሰበታውን ሰውዬ ደውለው ወቀሱት። ሌላ ሰው በእኔ ኃጢአት ሲወቀስ መስማት አልቻልኩም። ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ።»

«ምን አሉህ?»

ዮአብ ዓይኑን ወደተዘጋው በር መለሰ።

«‹እህትህ የት ናት?› ነው ያሉኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝ እሱን ነው። ያኔውኑ በመኪናቸው መጥተው አዩአት፣ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ‹ይህን ነገር ለጊዜው ለማንም አትናገር፤ እኔ የማጣራው ሌላ ነገር አለ› አሉኝ።»

«ምን እንደሆነ ነገሩህ?»

«አልነገሩኝም።»

አረጋሽ ተነሣች። የቀራት ሁሉንም በአንድ ክፍል መሰብሰብ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በምርምር ጣቢያው ሻይ ክፍል ውስጥ ሔለን፣ ዮአብ፣ የህያና ኦቦ ኢተፋ ተቀምጠዋል። ሳጅን ሀሰኖ በሩ አጠገብ ቆሟል። ማንም ማንንም አያይም። የህያ መቁጠሪያውን በጣቶቹ ይገፋል፤ ዮአብ ወለሉን ያያል፤ ሔለን ብቻ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ዶክተር ኪዳነወልድ መርዝ አልጠጡም» ብላ ጀመረች አረጋሽ። «ብርጭቆው ደረቅ ነበር፤ ሆዳቸው ውስጥም ምንም መርዝ አልተገኘም። የሞቱት ወደኋላ ወድቀው የፍሪዘሩ ጠርዝ ጭንቅላታቸውን ሰብሮት ነው። ወለሉ ላይ በረኪና የፈሰሰበት ቦታ እሱ ነው። አንድ ሰው ደሙን ወልውሎ፣ እሳቸውን ወደ ጠረጴዛቸው ጎትቶ፣ ጠርሙሱን ከፊታቸው አስቀምጧል። ‹ራሳቸው ላይ ሲሞክሩ ሞቱ› እንዲባል።»

የህያ ከወንበሩ ብድግ አለ። «እኔ...»

«አንተ አይደለህም። ስትወጣ ዶክተሩ ቆመው ሸኝተውሃል፤ ኦቦ ኢተፋ አይተዋል። የፍሪዘሩ ቁልፍም የለህም። ቁልፍ ያላቸው የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ወደ ሀሰኖ ምልክት ሰጠች። ሀሰኖ ከበረዶ ሣጥን ውስጥ ሁለት ቡናማ ጠርሙሶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሁለቱም ፖሊስ ጣቢያ ፍሪዘር ውስጥ አብረው ነው ያደሩት። ይሄ ከየህያ የተረከብነው፣ ያልተከፈተው ኤል-ኬ ነው።» ገለበጠችው፤ ምንም አልተንቀሳቀሰም። «እንደ ሞራ ረግቷል። ይሄ ደግሞ ሟች ፊት የተገኘው ነው።» ስትነቀንቀው ሁሉም የፈሳሹን ድምፅ ሰሙ።

ሔለን ጠርሙሱ ላይ አፈጠጠች። ፊቷ ላይ የታየው ፍርሃት አልነበረም፤ ገና ያልገባት ሰው ግርታ ነበር።

«ዮአብ፣ ምን አለበት?» አለች አረጋሽ።

«አልኮል» አለ ዮአብ። «ከነሐሴ ጀምሮ። የወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«በሉ ገዳዩ ይኸው!» አለች ሔለን ፈጥና። «ዶክተር ደርሰውበት...»

«ደርሰውበት ነበር፤ ይቅርም ብለውታል፤ እህቱንም አሳክመውለታል። እሺ፣ እሱ ገደላቸው እንበል። ሌባ የሰረቀበትን ዕቃ አምጥቶ ፖሊስ ፊት ያስቀምጣል? ጠርሙሱ ከተመረመረ መጀመሪያ የሚጋለጠው እሱ ነው። ጠርሙሱን እዚያ ያቆመው ሰው በውስጡ እውነተኛው ኤል-ኬ አለ ብሎ ያመነ ሰው ነው።» አረጋሽ ወንበሯን ወደ ሔለን አቀረበች። «ዶክተር ሔለን፣ ከክረምት ጀምሮ ከዚህ ጠርሙስ ሲቀዱ እንደነበር ነግረውኛል። ‹እንደ ሞራ ረግቶ ነው የሚወጣው፣ በመዳፌ አሙቄ አቀልጠዋለሁ፣ በየጊዜው› ብለዋል።»

አረጋሽ ሟች ፊት የተገኘውን ጠርሙስ አነሣች።

«ከነሐሴ ወዲህ ይህ ጠርሙስ ረግቶ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ ከፍተውት ቢሆን ያውቁ ነበር። አልከፈቱትም ማለት ነው። ታዲያ በየሳምንቱ ያወጡት ያ ሁሉ ውጤት፣ ያ ሁሉ የሞተ የካንሰር ሴል ከየት መጣ?»

ሔለን ዓይኗን ከጠርሙሱ ወደ መሀረቧ መለሰች።

«ከራስዎ ነው የመጣው፤ ፈጥረው ጽፈውታል። ዶክተር ኪዳነወልድም ያሰቡት ይህንኑ ነው፤ በአልኮል የሚገኝ ውጤት አይደለም። የዮአብን ምሥጢር ለመጠበቅ ሲሉ ግን ስለ ጠርሙሱ አልነገሩዎትም። ብቻ አንድ ነገር ጠየቁዎት። ምን ብለው ጠየቁዎት?»

«ነገ ከፊቴ ድገሚው» አለች ሔለን። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር። «‹አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከፊቴ ድገሚው› አሉኝ። አልችልም አልኳቸው። እንግዲያው ለአጋሮቻችን ‹ውጤቱ ውሸት ነው› ብዬ እጽፋለሁ አሉ።»

«መጀመሪያውኑስ ሠርቶ ያውቃል?»

«አልሠራም። ስሞክረው አንዱንም ሴል አልገደለም። ጥቂት ጊዜ ካገኘሁ እደርስበታለሁ ብዬ ነበር ለራሴ። አንድ ቁጥር አስተካከልኩ፣ ሌላው ተከተለ።» ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ልገድላቸው አላሰብኩም። ወደ ስልካቸው ሲሄዱ ገፋኋቸው፤ ወደኋላ ወደቁ። ያለቀ መሰለኝ።»

«አላለቀም ነበር» አለች አረጋሽ። ሐኪሙ በስልክ ያከለላትን ነገር አሁን ነው የተናገረችው። «ከወደቁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲተነፍሱ ቆይተዋል። ያኔ ሐኪም ቢጠራላቸው የመትረፍ ዕድል ነበራቸው። እርስዎ ለመወልወል ጊዜ አገኙ፤ ብርጭቆ ለማጠብ ጊዜ አገኙ፤ በሩ ላይ ቆመው ‹እንዳይረብሿቸው› ለማለትም ጊዜ አገኙ።»

ኦቦ ኢተፋ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሔለንን ለረጅም ጊዜ አዩአት፤ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ሀሰኖ ሔለንን ይዞ ሲሄድ ዮአብ ከወንበሩ አልተነሣም።

«ያ ውጤት ውሸት ነበር» አለ። «እኔ እሱን አምኜ ነው ለእህቴ ያጠጣኋት።»

«አዎ» አለች አረጋሽ።

እጆቹን አጋጥሞ ለካቴና ዘረጋላት። «ሰርቄአለሁ። ይውሰዱኝ።»

«እወስድሃለሁ። መጀመሪያ ግን ቡራዩ እንሄዳለን። የዶክተሩን ሞት ቲቲ ከሌላ ሰው አፍ ልትሰማው አይገባም።»

ቤቱ ሲደርሱ አረጋሽ በሩ አጠገብ ቀረች። ዮአብ ገብቶ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠ። ቲቲ እጇን ዘርግታ ትከሻውን ያዘች።

«ጋሽ ኪዳኔ መሞታቸውን አውቃለሁ» አለችው። «የጎረቤት ሴቶች ሲያወሩ በመስኮት ሰማሁ። አንተ ደብቀህ ስትታገል ሳይህ ያላወቅኩ መሰልኩ።»

ዮአብ ፊቱን አንሶላው ላይ ደፋ። ትከሻው እየተርገፈገፈ አለቀሰ። ቲቲ እስኪበቃው ጠበቀችው።

«አሁን ሌላውን ንገረኝ» አለች። «ያ ሐኪም አዘዘልሽ ብለህ ያጠጣኸኝ ምን ነበር?»

አረጋሽ በሩን ቀስ አድርጋ ገርበብ አደረገችውና ወደ ግቢው ወጣች። ከውስጥ የዮአብ ድምፅ፣ እየተቆራረጠ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ መናገር ጀመረ።